ገመዱን ይዞ እስከ ሰውየው

ስልኩ ሲጮኽ ዳንግላ ላይ ኔትወርክ እንደገና የተቋረጠ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ በጠዋት የሚደወልልኝ ለሌላ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም፣ በዚያ በሰለቸ ድምፄ፣ ደግሞ ምኑ ጠፋ ብዬ ጠየቅኩ። የደወለው የዳንግላ ቅርንጫፋችን የኮምፒውተር ባለሙያ ሙላት ነው። ምንም የጠፋ ነገር እንደሌለ፣ ኔትወርኩም ደህና መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎ እትዬ ውድነሽ እንዳረፉ፣ ቀብራቸውም በማግስቱ እዚሁ እንጅባራ እንደሆነ ተናገረ። እግዜር ያጽናን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ግን አላወቅኩም።

እትዬ ውድነሽ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከጥሊሊ መጥቼ በምሠራበት የዞን መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ክፍል ስቀጠር ክፍሉን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ክፍሉ ማለት እሳቸው ራሳቸውና አንድ እግሩ የተሰበረ ትርፍ ወንበር ነበር። እኔ ስመጣ ወንበሩ ሰው አገኘ፤ እስካሁንም የምቀመጠው እሱ ላይ ነው።

አጠር፣ ደንደን ያሉ ሴት ነበሩ። ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ኮርኒስ መክፈት ሲኖርባቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩና ከገመዱ ጋር በአዊኛ ማውራት ይጀምራሉ። አንዳንዴ ይለምኑታል፣ አንዳንዴ ይሰድቡታል። ለምን በአማርኛ እንደማያናግሩት ብጠይቃቸው፣ በአማርኛ ሪፖርት ይጻፍበታል፣ ገመድ ግን በእናት ቋንቋ ካልለመኑት አይወጣም አሉኝ። ቦርሳቸው ውስጥ ፒንሳ፣ ቆሎና አንዲት ቀይ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አይጠፉም። ጥፍራቸውን ቀብተው አያውቁም። የቢሮው ሴቶች ለየትኛው ሠርግ ነው የሚያስቀምጡት እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እሳቸውም ለራሴ ሠርግ ነው ብለው አብረው ይስቃሉ። ቀለሙ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራችን የሰለቸው ሰው ሥራ ነው፤ ያኔም አሁንም። ኮምፒውተር ከኔትወርክ የሚገናኝበት ካርድ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን ቁጥር ይዞ ይወጣል። የሃርድዌር አድራሻ የምንለው ይህንን ነው። ካርዱ የሄደበት አብሮ ይሄዳል። ቢሮ ያለው መከታተያ ሥርዓት ይህንን ቁጥር ስትጽፍለት ካርዱ በየትኛው ስዊች፣ ገመዶች በሚሰበሰቡበት ሣጥን ማለት ነው፣ በየትኛው ፖርት ላይ እንደተሰካ፣ ማለትም የገመዱ ሌላኛው ጫፍ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ፈልጎ ያሳይሃል። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ የሰው ስም አለ። ስሙን የምንጽፈው እኛ ነን። መሥሪያ ቤት እንደምታውቁት ነው፤ ኮምፒውተር ሁሉ ከንብረት ክፍል ፈርሞ የተረከበው ሰው አለው። ዕቃው ቢሞትም፣ መጋዘን ቢጣልም፣ ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ በስሙ ይኖራል። ለማስመለስ የሚጠይቀውን ደጅ ጥናት የሚችል ሰው የለማ።

መፈለጉን ያስተማሩኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ፖርቱ ወጣ፣ ስሙ ወጣ፤ ጨረስኩ ብዬ ቀና ስል እትዬ ውድነሽ ቆመዋል። ተነስ አሉኝ። ወዴት ስላቸው፣ ስክሪን የነገሩትን ነው የሚደግመው፣ አንተ ገመዱን ይዘህ እስከ ሰውየው ሂድ አሉ። ውጭ ዝናብ ነበር። እንጅባራ ክረምት ላይ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው መሄድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሄድን። ስሙ ትክክል ነበር፣ ክፍሉም ትክክል ነበር። በከንቱ መበስበሴን በልቤ እያማረርኩ ስመለስ፣ እሳቸው ደስ ብሏቸው ቆሎ ዘገኑልኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተመላለስን አልቆጠርኩም። አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ልክ ነበር። የሚያደክመውም እሱ ነው፤ ልክ የሆነን ነገር በየቀኑ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ።

ከዚያ የድልድሉ ነገር መጣ።

ድልድል የመሥሪያ ቤት ሰው የሚፈራው ነገር ነው። ማን በየትኛው መደብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ወደ ወረዳ እንደሚወርድ የሚወሰንበት ሰሞን ነው፤ ሰዉ ሁሉ በሹክሹክታ ይኖራል። ያን ዓመት ረቂቁ ተጠናቆ ሊለጠፍ ሲል ከጋራው ፋይል ማስቀመጫ ጠፋ። ሆን ብሎ ያጠፋው አለ ተባለ። ሰርቨሩ ፋይሉን ያጠፋውን ኮምፒውተር የሃርድዌር አድራሻ መዝግቦት ስለነበር የማን እንደሆነ እንድፈልግ ታዘዝኩ። እትዬ ውድነሽ ለሥራ ጫግኒ ወርደው ነበር። ቁጥሩን ጻፍኩ። የወጣው ስም የጋሽ ይግዛው ነው።

ጋሽ ይግዛው መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ድልድሉ ፍርደ ገምድል ነው ብለው ኮሪደር ላይ በቁጣ ሲናገሩ ያልሰማ አልነበረም። ስሙ ሲወጣ ታዲያ ማንንም አልገረመም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠርቶ ሲጠይቃቸው በእጄ ያለው ኮምፒውተር ይኸው፣ ከእሱ ሌላ አላውቅም ብለው ማሉ። ሲስተሙ ስምዎን ጠርቷል ተባሉ። እትዬ ውድነሽ ከጫግኒ እስኪመለሱ ጋሽ ይግዛው ከሥራ ታግደው ቤታቸው ተቀምጠዋል፣ የስንብት ደብዳቤውም እየተጻፈ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ካገለገሉበት ቤት ወንጀለኛ ተብለው ሊወጡ ነው።

እትዬ ውድነሽ ነገሩን የሰሙት ቦርሳቸውን ገና ከትከሻቸው ሳያወርዱ ነው።

«ገመዱን ይዘህ ሄድክ?» አሉኝ።

«ስሙ ጥርት ብሎ ነው የወጣው፣ እትዬ።»

«ስሙን ጠየቅኩህ?»

ቁጥሩን እንደገና አስፈለጉኝ። ካርዱ ያለበት ፖርት የፎቁ ስዊች ላይ ነው። መዝገብ ቤት ደግሞ ምድር ቤት ነው። ይህንን ይዘን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ብንነግራቸው፣ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ገመዳችሁ የተምታታ እንደሆነ እናንተው ናችሁ ስትነግሩን የከረማችሁት አሉ። እውነታቸውን ነው። መብረቅ በመታን ቁጥር ፖርት ይቃጠላል፤ እኛም ገመዱን ከሞተው ነቅለን በሕይወት ባለው እንሰካለን። ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማስተካከል ከተውን ቆይቷል። እትዬ ውድነሽ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንም፣ ገመዱን ራሴ እከተለዋለሁ ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

እኔ ስዊቹ ጋ ሆኜ ገመዱን እጎትታለሁ፤ እሳቸው ኮርኒሱን እየከፈቱ የሚነቃነቀውን በእጃቸው ይይዛሉ፤ ከዚያ እኔ ወደያዙበት እሄዳለሁ፣ እሳቸው ወደፊት ይቀድማሉ። እንዲህ እያልን ኮሪደሩን ጨረስን። ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ጋሽ ይግዛውን ለማዳን ነው አሉ ይባባላሉ። እትዬ ውድነሽ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ከጠረጴዛ በወረዱ ቁጥር ትንሽ ይቆማሉ። የዚያን ቀን ገመዱን አልሰደቡትም።

ገመዱ የወረደው የኃላፊው ጸሐፊ አስናቀች ጠረጴዛ ሥር ነው። አስናቀች ወንበሯን ለቀቀችልን። እትዬ ውድነሽ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈቱት፤ ውስጡ የተሰካው ካርድ ጠርዝ ላይ ቀይ ነጥብ አለች። የጥፍር ቀለም ናት። ከሞተ ኮምፒውተር ነቅለው ለሌላ ያዋሉትን ካርድ ሁሉ በዚያች ጠርሙስ ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ መለዋወጫ የሚገዛልን ስለሌለ ሙታንን እየነቀልን ነው ሕያዋንን የምናኖረው። ምልክት ያደረጉበትን ካርድ ስም በመከታተያው ላይ ሳይቀይሩ አያድሩም። ይህንን ግን አልቀየሩትም ነበር።

ነጥቧን ብዙ አዩዋት። ቀጥለው አስናቀችን በዚያ ሳምንት ያጠፋችው ፋይል እንዳለ ቀስ ብለው ጠየቋት። አለ አለች። ቦታው ሞልቷል፣ የማያስፈልገውን አጽጂ ተብላ ታዛ፣ ስማቸው ላይ ረቂቅ የሚል ያለባቸውን ሁሉ ጠርጋ ነበር። በእኛ ቤት ረቂቅ ማለት ተጽፎ የተጣለ ማለት ስለሆነ አልፈረድኩባትም። የድልድሉ እዚያ ውስጥ ይኖራል ብላ አላሰበችም፤ ጋሽ ይግዛው በራሳቸው ኮምፒውተር አጠፉት ሲባል ስትሰማም እንደ ሰዉ ሁሉ አምናለች። ነገሩ ሲገባት ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ውድነሽ ጀርባዋን መታ መታ አድርገው፣ ልጄ፣ አንቺ ያጠፋሽው ፋይል ነው፣ ሰው ያጠፋሁት እኔ ነኝ አሏት።

ደረጃው ላይ ቆሙ። ክረምቱ ሲገባ መብረቅ የአስናቀችን ኮምፒውተር መሰኪያ አቃጥሎት እንደነበር፣ ኃላፊው ደብዳቤ ዛሬውኑ ይውጣልኝ ብለው ሲያስቸኩሏቸው መጋዘን ገብተው ከአንድ የሞተ ኮምፒውተር ካርዱን እንደነቀሉ አስታወሱ። ያ የሞተ ኮምፒውተር የጋሽ ይግዛው የድሮው ነበር፤ አዲስ ቢሰጣቸውም አሮጌው በስማቸው እንዳለ ነው። ስሙን ነገ እቀይራለሁ ብለው ወጡ፤ በነጋታው ሌላ መብረቅ፣ ሌላ ሩጫ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ሲስተሙ ተሳስቶ ነው እንበላቸው አልኳቸው። ማንም አይጠይቅም፤ ጋሽ ይግዛውም ይድናሉ፣ እሳቸውም ይድናሉ። የእውነቴን ነው ያልኩት፣ አዝኜላቸው ነበር።

«ሲስተሙ አልተሳሳተም» አሉኝ። «እኔ የነገርኩትን ነው መልሶ የነገራቸው። ዛሬ ተሳስቷል ካልን ነገ ልክ ሲሆን ማን ያምነዋል? ፈንቴ፣ ይህ ስም የሚይዝ ዕቃ ነው። በስም አይቀለድም።»

ኮሚቴው ፊት ቆመው የተናገሩትን በሩ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሰብሳቢው ያ ቁጥር እንዴት ሌላ ሰው ጋ ሊገኝ እንደቻለ አልገባቸውም ነበር። እትዬ ውድነሽ በፈረስ አስረዷቸው። እኔ ፈረሴን ለጎረቤቴ ባውሰው አሉ፣ ጎረቤቴም ዳንግላ ገበያ ቢወርድበት፣ ፈረሱን ያየ ሁሉ ውድነሽ ገበያ ውላለች ይላል። ፈረሱ የእኔ ነው፤ ኮርቻው ላይ ያለው ግን እኔ አይደለሁም። ማዋሴን ለሰው ያልተናገርኩ እንደሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ሰብሳቢው ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው፣ ግን ወደ ፍሬው ይግቡልን አሏቸው።

«ፍሬው ይኸው ነው» አሉ። «ካርዱን ነቅዬ የወሰድኩት እኔ፤ ስሙን ሳልቀይር የተውኩት እኔ። ጋሽ ይግዛውን ወደ ቦታቸው መልሱ።»

ተመለሱ። ይቅርታ የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ግን አልተጻፈላቸውም፤ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ የሚል ብቻ ነው የደረሳቸው። አስናቀች ምክር ተሰጣት። እትዬ ውድነሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ድልድሉ እንደገና ሲሠራ ደግሞ ኃላፊነታቸው ቀርቶ ዳንግላ ቅርንጫፍ ተመደቡ። ቅጣት ነው አልተባለም፣ ቅጣት ነው ያላለም ሰው አልነበረም። ይግባኝ ይበሉ ብላቸው፣ ዳንግላም ገመድ አለ ብለው ሳቁብኝ። ያኔ ነው የተናደድኩት፤ በእሳቸውም፣ በኮሚቴውም፣ ያንን ሁሉ አይቶ ዝም ባለው በራሳችን ቢሮም። አሁን ንዴቱ አልቋል፤ የቀረው ድካሙ ነው።

ጋሽ ይግዛው ከዚያ በኋላ እትዬ ውድነሽን አላነጋገሯቸውም። ቢያመሰግኑ ያዳኗቸው እሳቸው ናቸው፤ ቢቀየሙም ያስያዟቸው እሳቸው ናቸው። ሰውየው የቱን እንደሚያስቀድሙ ሳይወስኑ ጡረታ ወጡ። እትዬ ውድነሽ ይህንን አንስተው አያውቁም፤ ግን ከእንጅባራ ሰው ባገኙ ቁጥር ጋሽ ይግዛው ደህና ናቸው ወይ ይሉ ነበር።

ዳንግላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከሚኒባስ መናኸሪያው በጋሪ ነበር የምንሄደው፤ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸዋል። አንድ ቀን ጋሪው ላይ ሆነን የፈረሱን ጀርባ እያዩ ስለ አባታቸው ለቅሶ አወሩኝ። አባታቸው ፈረሰኛ ነበሩ። ለቅሶው ላይ ፈረሳቸው ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ሲዞር፣ እሳቸው ያኔ ሕፃን ስለነበሩ አባቴ መጣ ብለው ሮጠው እንደነበር ነገሩኝ። እናታቸው ይዘው አስቀሯቸው። ጋሪው ቢሮው በር ላይ ሲደርስ ወሬው ተቋረጠና ስለ ሙላት ጎበዝነት ማውራት ጀመሩ። ሙላትንም እንደ እኔ ጭቃ ለጭቃ አመላልሰው ነበር ያሠለጠኑት።

ታመው ቤት ከዋሉም በኋላ ይደውሉልኝ ነበር። የሚጠይቁኝ ያው ነው፤ ገመዱን ይዘህ ሄድክ ወይ። አንዳንዴ ሳልሄድ ሄጃለሁ እላቸው ነበር፤ ሳያውቁብኝ አልቀሩም።

ቀብራቸው ላይ ዝናቡ አላቋረጠም። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሽ ይግዛው ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ልቀበልዎ ቢባሉ እንቢ ብለው እስከ መቃብሩ አደረሱ። ከዚያ ጭቃውን ከጫማቸው ጠርገው ሄዱ።

ከአርባቸው በኋላ አንድ ጠዋት መከታተያውን ስከፍት የእትዬ ውድነሽ ስም አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። በእኛ ገጽ ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር አረንጓዴ ነው፣ የተቋረጠ ቀይ። የእሳቸው፣ ታመው ቤት ከዋሉ ጀምሮ፣ ቀይ ነበር፤ እኔም ልሰርዘው አልቸኮልኩም። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ የሃያ ዓመት ሥራዬ ነው። ግን ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ቁጥራቸውን ጻፍኩና ፈለግኩ። ፖርቱ የእሳቸው ክፍል አይደለም፣ የባለጉዳይ መቀበያው ነው።

ሙላት ጋ ደወልኩ። ትናንት መብረቅ የመቀበያዋን ልጅ ኮምፒውተር አቃጥሎባቸው የእትዬ ውድነሽን ካርድ ነቅሎ እንደሰካላት፣ ሊነግረኝ ሲል መብራት እንደሄደበት ነገረኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሙን ባንቀይረውስ አለኝ። ልጅቷ አዲስ ናት፣ ማን ይጠይቃል፤ ጠዋት ጠዋት ስማቸውን አረንጓዴ ብናየው ምን ይጎዳል? እውነቱን ልናገር፣ እኔም ስልኩ ከመነሣቱ በፊት ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ፈረሱ ያለ ጌታው እየዞረ ነበር፤ እኔም እንደዚያች ሕፃን መሮጥ አማረኝ።

መጣሁ ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ፤ ስም የሚቀየረው ገመዱ ሲታይ ነውና። ሙላት ስዊቹ ጋ ሆኖ ጎተተ፣ እኔ እየያዝኩ ሄድኩ። የመቀበያዋ ልጅ ሰናይት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ክዳኑን ስከፍተው ካርዱ ላይ ቀይ ነጥቧ አለች፤ ትንሽ ተላልጣለች። ታመው ቤት ሳይውሉ፣ አንድ ቀን ለሌላ ይውላል ብለው የራሳቸውንም ካርድ ቀድመው ምልክት አድርገውበት ነበር ማለት ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሙላት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ተነሥቼ በልጅቷ ኮምፒውተር መከታተያውን ከፈትኩ። ውድነሽ ከሚለው መጨረሻ ጀምሬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ሰናይት የተበላሸ ነገር ያለ መስሏት ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለችኝ።

«ስምሽን እየጻፍኩ ነው» አልኳት።